«አማቴ አያውቁም» እና ሌሎች የጨጓራ ጥያቄዎች

ክብደት ለመቀነስ ጨጓራቸውን ኦፕራሲዮን የተደረጉ ሰዎች ደብዳቤ ተከማችቶብኛል። ከአዲስ አበባም፣ ከሲልቨር ስፕሪንግም፣ ከጅዳም። ግማሾቹ የሚጀምሩት «እባክህ ስሜን እንዳታወጣ» ብለው ነው። አላወጣም።

ነገሩ አዲስ ለሆነበት አንባቢ ባጭሩ፦ ስሊቭ የሚባለው ከጨጓራ ሦስት አራተኛ ያህሉን ቆርጦ አውጥቶ ቀሪውን እንደ ቀጭን ቱቦ ማድረግ ነው። ባይፓስ ደግሞ ከጨጓራ ላይኛው ክፍል ትንሽ ከረጢት ለይቶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ማገናኘት ነው። «የትኛው ይሻለኛል?» ያላችሁኝ፣ እኔ የምግብ ባለሙያ ነኝ፤ ቢላ አልይዝም። ሐኪማችሁን ጠይቁ።

«ቡና መቼ ነው የምጀምረው? ራሴ ሊፈነዳ ነው።»

አብዛኞቹ ሐኪሞች የመጀመሪያውን ወር ታገሡ ይላሉ። ከዚያ አቦሏን ጠጣ፤ ስኳር አታብዛ። የብረት ክኒን ከቡናም ከሻይም ጋር አይዋጥም፤ ሁለቱም ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉ። ሁለት ሰዓት ያህል አራርቃቸው።

«ምግብ ላይ ውሃ መጠጣት ለምን ተከለከልኩ?»

ቦታ ስለሌለ። ከበላሽ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት እየተጎነጨሽ ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል አድርሺው። ለስላሳ ግን የለም።

አማቴ አያውቁም

አንዲት የአዲስ አበባ አንባቢ «ለሥራ ነው» ብላ ውጭ አገር ሄዳ ባይፓስ ተሠርታ ተመለሰች። የሚያውቀው ባሏ ብቻ ነው። እሑድ እሑድ አማቷ ቤት ምሳ አለ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» እየተባለ ይደጋገምላታል፤ እሷም ትውጥና መታጠቢያ ቤት ገብታ ታስመልሳለች። በዚህ ላይ በቅርቡ ወገቧን አሟት ሰፈር ክሊኒክ ሄደች። ለተከታታይ ቀናት ዲክሎፌናክ ተወጋች። አሁን ሆዷን ያቃጥላታል። ጥያቄዋ «ለማቃጠሉ ምን ልብላ?» የሚል ነው።

እህቴ፣ ይህ በምግብ የሚመለስ አይደለም። ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ ዛሬ ካልሆነ ነገ። ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ያስመለስሽው ደም ካለበት ነገ አትበይ፤ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ግቢ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ዘመዶቻቸው የጨጓራን መከላከያ ያዳክማሉ። ባይፓስ የተሠራ ሰው ላይ ከረጢቱና አንጀቱ የተገናኙበት ቦታ በቀላሉ ይቆስላል። ሲጋራ ካለበት ደግሞ ይብሳል። «በመርፌ ነው እንጂ አልዋጥኩትም» እንዳትዪኝ። መድኃኒቱ በደም ዞሮ ያው ጨጓራ ጋ ይደርሳል። ለሕመም ብዙ ጊዜ የሚመከረው ፓራሲታሞል ነው፤ ካልበቃ ሐኪሙ ሌላ መንገድ አለው። ግን ሐኪሙ ይህን የሚያደርገው ሲያውቅ ነው። ክሊኒኩ ውስጥ የወጋሽ ሰው ምን አጠፋ? «ከዚህ በፊት ኦፕራሲዮን ተደርገሻል?» ብሎ ቢጠይቅሽስ ምን ትዪው ነበር?

እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ። ሐሞት ከረጢቱን ያስወጣ ሰው ጎረቤት ሰብስቦ ጠባሳውን ያሳያል። ጨጓራዋን ያስቀነሰች ሴት ግን ወንጀል እንደ ሠራች ትደበቃለች። «በስፖርት መቀነስ አቅቷት በቢላ ቀነሰች» እንዳይሏት ነው። ይበሉ። የሚያወሩት ሰዎች ደምሽን አይመረምሩልሽም፤ የጎደለሽን ቫይታሚን አይገዙልሽም።

ለዓለም ሁሉ አውጂ አላልኩም። የሚያክምሽ ሰው ሁሉ ግን ማወቅ አለበት፤ ሐኪሙ፣ አዋላጇ፣ የመድኃኒት ቤቱ ልጅ ሳይቀር። የኦፕራሲዮኑን ዓይነት፣ ቀኑንና የተከለከሉ መድኃኒቶችን በወረቀት ጽፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ አኑሪ። ባልሽም ግልባጩን ይያዝ።

ለአማትሽ ደግሞ መዋሸት እንኳ አያስፈልግሽም። «ጨጓራዬን ታክሜያለሁ፤ ትንሽ ትንሽ ብዪ ተብያለሁ» በያቸው። በአገራችን ጨጓራ የሚያመውን ሰው የሚያስገድድ የለም። እንዲያውም ተልባውን፣ አብሹን፣ የጎረቤቱን መድኃኒት ሁሉ ይደረድሩልሻል። ጉርሻው የግድ ከሆነ እንጀራው ትንሽ፣ ወጡ በዛ ይበል፤ ደጋግመሽ አኝኪው። ለስላሳ ዳቦና እንጀራ ሳይታኘኩ ሲዋጡ ተያይዘው መተላለፊያው ላይ ይቀረቀራሉ። ያስመለሰሽም ይሄው ሊሆን ይችላል፤ ማስመለሱ ካልቆመ ግን እሱንም ለሐኪሙ ንገሪ።

«ፀጉሬ በእፍኝ እየወጣ ነው። ሚስቴ የሽንኩርት ዘይት ገዛችልኝ።»

ዘይቱን ተወው። ሰውነት በፍጥነት ሲከሳ ፀጉር ከሦስተኛው ወር ጀምሮ መርገፉ የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ዓመት ሳይሞላ ይመለሳል። ፕሮቲንህን አሟላ። ከዓመት ካለፈ ብረትና ዚንክ ይታይልህ። ሚስትህን ግን አመስግናት።

ሁዳዴን ልጹም?

የሲልቨር ስፕሪንጓ አንባቢ ስሊቭ ከተሠራች ሰባት ወሯ ነው። እናቷ «ጹሚ፤ እንዲያውም ቀሪውን ኪሎ ይጨርስልሻል» ብለዋታል። የሆስፒታሏ የምግብ ባለሙያም «ከእንስሳት ተዋጽኦ መከልከል ችግር የለውም» ብላታለች።

እናትሽን እያከበርኩ፣ ጾም የክብደት መቀነሻ ነው ያለው ማን ነው? የሆስፒታሏ ባለሙያ ደግሞ ግማሹን ብቻ ነው የሰማችው። ሥጋና ወተት መተውሽን እንጂ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል እንደማትቀምሺ፣ ይህም 55 ቀን እንደሚቆይ አልነገርሻትም። ንገሪያት።

እስቲ እናስላው። አንቺ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግሻል። ግማሽ ኩባያ የበሰለ ምስር 9 ግራም ገደማ ይሰጥሻል። 60ን ለመሙላት ወደ ሰባት ጊዜ ግማሽ ኩባያ መብላት ልትገደጂ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት እስከ መኝታ፣ በጠበበ ጨጓራ፣ እንጀራው ሳይቆጠር። አይሆንም። ሰውነት ያጣውን ከጡንቻ ይወስዳል። ሚዛኑ ይወርዳል፤ እናትሽ ደስ ይላቸዋል፤ አንቺ ግን ደረጃ ስትወጪ ጉልበትሽ ይከዳሻል።

ሽሮ ያድነኛል እንዳትዪ። ድግስ ላይ የሚቀርበው ቀጭን ሽሮ አብዛኛው ውሃና ዘይት ነው። ወፍራም ሆኖ በማንኪያ ሲበላ ይሻላል።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሰዓቱን አትጹሚ። ምግቡን መጾም ከፈለግሽ ግን ጠዋት ጀምረሽ ብዪ። ቶፉ፣ ስኳር የሌለው የአኩሪ አተር ወተት፣ የለውዝ ቅቤ ትንሽ በማንኪያ። ከአተር ወይም ከአኩሪ አተር የተሠራ የፕሮቲን ዱቄት አንድ መስፈሪያው ብዙውን ጊዜ 20 ግራም ያህል ይይዛል። ጽሑፉን አንብቢ፤ «ዌይ» የሚለው ከወተት የተሠራ ነው። ስለ ዓሣ እኔን አትጠይቁኝ፤ በዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም።

ቢ12ን ደግሞ በምንም መንገድ አትዝለዪ። ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ነው። ከምግብ ለመለየትና ወደ ደም ለመግባት ደግሞ ጨጓራ የሚሠራቸው ነገሮች ያስፈልጉታል። አንቺ ጨጓራው ተቀንሶብሻል። በዚህ ላይ ረቡዕና ዓርቡን፣ ሌሎቹን አጽዋማት ብትጨምሪ የዓመቱ ግማሽ ገደማ ከሥጋና ከወተት ውጭ ነሽ። እጥረቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። እግር መደንዘዝ፣ መርሳት፣ ድካም። ሲቆይ ነርቭ ይጎዳል፤ የተጎዳ ነርቭ ሁልጊዜ አይመለስም። ክኒኑን ወይም በየወሩ የሚሰጠውን መርፌ ዕድሜ ልክሽን ትወስጃለሽ።

ለንስሐ አባትሽም ሁሉንም ንገሪያቸው። «ትንሽ ታምሜ ነበር» ሳይሆን፣ ጨጓራዬ ተቆርጧል፣ በአንድ ጊዜ ይህችን ታህል ብቻ ነው የምበላው ብለሽ። ለታመመ ሰው ጾሙን ማቅለል የእሳቸው ሥልጣን ነው። ሳይነገራቸው ግን ምን ያቅልሉልሽ?

ከጅዳ፣ ስለ ረመዳን

ይኼኛው ከውሃም ስለሚከለክል ይከብዳል። በመጀመሪያው ዓመት ሐኪምሽ ሳይፈቅድ አትሞክሪው። በኋላ ከተፈቀደልሽ ሌሊቱን በሙሉ ውሃ እየተጎነጨሽ ነው የምታድሪው። ማፍጠሪያ ላይ ቴምሩን በጭማቂ ማውረድ ይቅር፤ በተለይ ባይፓስ ላለው ሰው ስኳሩ ሳይፈጭ አንጀት ውስጥ ይወርድና ላብ፣ የልብ ምት፣ ተቅማጥ ያመጣል።

«ጂም ብገባ የተንጠለጠለው ቆዳ ይሰበሰባል?»

አይሰበሰብም። ቆዳ ጡንቻ አይደለም። ያም ሆኖ ጂም ግባ። በፍጥነት ስትከሳ ከስብ ጋር ጡንቻም ይሄዳል፤ የሚያስቀርልህ ክብደት ማንሳት ነው። እርምጃ ከኦፕራሲዮኑ ማግስት ይጀመራል። ከባድ ነገር ማንሳት ግን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል፤ ቁስሉን ያየው ሐኪም ይወስን። ከዚያ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ሁለት ቀን ደግሞ ብረት። ብረት ከሌለ በጄሪካን ውሃ ሙላና አንሣ።

እህቴ ታስመልሳለች

አንድ ወንድም የጻፈው ነው። እህቱ ውጭ አገር ተሠርታ ከተመለሰች ጀምሮ የቀመሰችውን ሁሉ ታስመልሳለች። ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። አሁን ስትራመድ ትንገዳገዳለች፤ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያታል። ለእሱ ለብቻው ወዲያው መልሻለሁ። እዚህ የማነሣው ለሌሎቻችሁ ነው።

ይህ የቫይታሚን ቢ1 እጥረት ሊሆን ይችላል። ሰውነት የሚያከማቸው ቢ1 ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው የሚበቃው። ከዚያ አንጎል ይጎዳል። ሾርባ እየቀያየራችሁ አትጠብቁ። ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። «የጨጓራ ኦፕራሲዮን አላት፤ ለሳምንታት አስመልሳለች፤ ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ቢ1 ይሰጣት» በሉ። ሐኪሙን ማስተማር ይመስላል ብላችሁ አትፈሩ።

አንድ አባት፦ «ስኳሬ ስለወረደ ኢንሱሊኑን ላቁም?»

አባቴ፣ በራስዎ አያቁሙ። በራስዎም አይቀጥሉ። ከኦፕራሲዮን በኋላ ስኳር በቀናት ውስጥ ሊወርድ ይችላል፤ በድሮው መጠን ከቀጠሉ ከልክ በታች ወርዶ ይጥልዎታል። ዛሬውኑ ለሐኪምዎ ይደውሉላቸው። የደም ግፊት መድኃኒት ካለዎትም አብረው ይንገሯቸው።

«በሦስተኛው ዓመት 6 ኪሎ ጨመርኩ። ጨጓራዬ ሰፋ ማለት ነው?»

ከዳላስ ነው። የሰማይ መደርመስ አታድርገው። ስዊድን ውስጥ በ1987 የተጀመረና ሰዎችን ለብዙ ዓመታት የተከታተለ ትልቅ ጥናት አለ። ባይፓስ የተሠሩት በአንድና ሁለት ዓመት ውስጥ በአማካይ ከክብደታቸው 32 በመቶ ያህል ቀንሰው ነበር። በአሥረኛው ዓመት ቅናሹ 25 በመቶ ላይ ነበር። ከታችኛው ነጥብ ትንሽ መመለስ ያለ ነገር ነው።

አሁን ግን ልጠይቅህ። መኪና ውስጥ ቆሎ አለ? ሻይህ ስንት ስኳር ነው? ትንሽ ጨጓራ አንድ ሳህን ክትፎ አይቀበልም፤ ቀኑን ሙሉ አንድ አንድ ፍሬ ኦቾሎኒን ግን ያሳልፋል። ቢራና ጠጅም በዚሁ ይቆጠራሉ፤ ለዚያውም አሁን ቶሎ ነው የሚያሰክሩህ፤ መኪና ይዘህ አትሞክረው። እነዚህን አስተካክለህ አሁንም ከጨመርክ ሐኪምህን ጠይቅ፤ መድኃኒትም አለ።

ከዱባይ፦ «ከተሠራሁ አምስት ወሬ ነው፤ አረገዝኩ። ለዓመታት አልወልድም ተብዬ ነበር።»

እንኳን ደስ ያለሽ። ክብደት ሲቀንስ ዕንቁላል መልቀቅ ይመለሳል፤ ብዙዎችን ሳያስቡት ይይዛቸዋል። ከ12 እስከ 18 ወር መቆየት ይመከር ነበር፤ አሁን ግን ሆኗል፣ አትደንግጪ። በዚህ ሳምንት ክትትል ጀምሪ። የምትወስጂውን ቫይታሚን ሁሉ ይዘሽ ሂጂ፤ ቫይታሚን ኤ የበዛበት ለፅንሱ አይሆንምና ይታይልሽ። የስኳር ምርመራ ብለው ጣፋጭ መጠጥ ሲሰጡሽ ኦፕራሲዮኑን ተናገሪ፤ በሌላ መንገድ መመርመር ይቻላል። ለሌሎቻችሁ፦ ከባይፓስ በኋላ የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ ላይ ብቻ አትተማመኑ።

«ከአሜሪካ የመጣልኝን እንደ ከረሜላ የሚታኘክ ቫይታሚን ልውሰድ?»

አይበቃሽም። አብዛኞቹ ብረት የላቸውም። ለሚቀጥለው መንገደኛ ሙሉውን መልቲቫይታሚንና ካልሲየም ሲትሬት ብለሽ ላኪ። ካልሲየሙና ብረቱ አብረው አይዋጡም፤ ሁለት ሰዓት ይራራቁ።

«ክትፎስ?»

ደረቅ ምግብ ከተፈቀደልህ በኋላ ይቻላል። የተፈጨ ስለሆነ እንዲያውም ከጥብስ ይቀላል። ቅቤው ይቀነስ፤ ሁለት ሦስት ማንኪያ ይበቃሃል። ጥሬ ወይም ለብለብ ግን አልፈቅድልህም፤ ኮሶ ለማሻር የሚሆን ሆድ የለህም።