«ተክል ነው፣ አይጎዳም» ብዬ ነበር

ውድ ልጆቼ፣

ጅማ ውስጥ ከፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ ከ30 ዓመት በላይ ቆሜያለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ አንድ ጠዋት ስለሰጠሁት መልስ ነው። በተለይ ፋርማሲና ሕክምና የምትማሩት አንብቡልኝ።

የማውቃት ደንበኛ ገባችና ከቦርሳዋ ብልቃጥ አወጣች። «ዶክተር፣ ልጄ ከአትላንታ የላከችልኝ ነው። ወንድሜን አረቄ ያስተወዋል ብላኛለች፣ ልስጠው?» አለችኝ። ጽሑፉን አየሁት። ኩድዙ ይላል፣ የሐረግ ሥር ነው። ወረፋ ነበረብኝ። «ተክል ነው፣ አይጎዳም። ይሞክረው» አልኳት።

ልጁ ክኒኑን ተማምኖ አረቄውን በአንድ ጊዜ ተወ። በማግስቱ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በሁለተኛው ቀን መሬት ላይ ጥሎ አንፈራገጠው። ሆስፒታል አድርሰውት ተረፈ።

የጣለው ክኒኑ አልነበረም። ለዓመታት በየቀኑ በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው ድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ይናወጣል፤ ሊሞትም ይችላል። ይህን ተምሬዋለሁ። ግን «በቀን ምን ያህል ይጠጣል?» ብዬ አልጠየቅኳትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ሐረግ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ኩድዙ የባቄላና የአተር ዘመድ ነው። አገሩ ቻይና፣ ጃፓንና ኮሪያ ነው። ቻይናዎች ሥሩን ጌ ገን ይሉታል። ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት በተጻፈ የሕክምና መጽሐፋቸው ውስጥ፣ ከሌሎች ዕፅዋት ጋር ተቀቅሎ ለብርድና ለአንገት መድረቅ ይታዘዛል። ጃፓኖችም ያንኑ መድኃኒት ካኮንቶ ብለው ጉንፋን ሲጀምራቸው ይወስዱታል። ለስካር በተለይ የሚታወቀው ግን አበባው ነው።

አሜሪካ የገባው እ.ኤ.አ. በ1876 በፊላደልፊያው ኤግዚቢሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት አፈር ይይዛል ብሎ፣ ለሚተክለው ገበሬ በኤከር እስከ 8 ዶላር ይከፍል ነበር። በሙቀት ወራት በቀን እስከ 30 ሴንቲሜትር ያድጋል። ዛፉን ሸፍኖ ብርሃን ይነሳዋል። እ.ኤ.አ. በ1953 ያው መንግሥት ከሚመክራቸው ተክሎች ዝርዝር አወጣው። አንድ ተማሪ በቀደም «ዘሩን አስመጥተን እዚህ ብንተክለውስ?» አለኝ። ልጄ፣ ቡናችን የሚኖረው በዋንዛ፣ በሰሳና በብርብራ ጥላ ሥር ነው። ያ ሐረግ እነሱ ላይ ከወጣ ምን ይቀረናል? እባካችሁ ይህን ሐሳብ ተዉት።

ወደ አረቄው ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1993 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከሥሩ የወጣውን ዳይድዚን የተባለ ንጥረ ነገር ለሃምስተሮች (አይጥ መሰል እንስሳት) ሲሰጡ፣ የሚጠጡት አልኮል ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2005 በ14 ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራም፣ ክኒኑን ለ7 ቀናት የወሰዱት የጠጡት ቢራ አነሰ። የመጠጣት ፍላጎታቸው ግን አልቀነሰም። ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ጥናት ደግሞ፣ የመጠጥ ሱስ የጸናባቸው ሰዎች ሥሩን ወስደው ምንም ለውጥ አልታየባቸውም። ደንበኛዬ የያዘችው ተስፋ ይህን ያህል ስስ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። አልኮል ጉበት ውስጥ መጀመሪያ በአንድ ኢንዛይም (ለውጡን በሚያፋጥን የሰውነት ፕሮቲን) ወደ አሴታልዴሃይድ ይለወጣል፤ መርዝ ነው። ከዚያ ሌላ ኢንዛይም ያፈርሰዋል። ዳይድዚን የሚያግደው ይህንን ሁለተኛውን ኢንዛይም ነው። እንግዲህ ማታ ጠጥቶ ጠዋት ለራስ ምታቱ የሥሩን ክኒን የሚውጥ ሰው፣ መርዙን ሰውነቱ ውስጥ ሊያቆየው ይችላል። አበባውና ሥሩ ያው አንድ ሐረግ ላይ ናቸው። ሥራቸው ግን ይለያያል።

የእኛም አገር ሐረጎች እንዲሁ ናቸው። ሐረግ ሬሳን ለምች እየታጠንን አድገናል። እንዶድን እዩት። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ መግደያ መንገድ የተገኘው ከዚያ ነው። ያንኑ እንዶድ የሚጠጣ ሰው ግን ሊሞት ይችላል።

ልጆቼ፣ የባህል መድኃኒት አዋቂዎችን አትናቁ። ሂርማታ ገበያ ቅጠልና ሥር ዘርግተው የሚሸጡትን እናቶች ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው። የትኛው ክፍል እንደሚወሰድ ያውቃሉ። ለእርጉዝ የማይሰጠውን ለይተው ይነግሯችኋል። ሳይጠይቁ የማይሰጡ አሉ። እኔ ግን ነጭ ጋዋን ለብሼ ሳልጠይቅ መለስኩ።

ልጁ አሁን ደህና ነው። አረቄውን የተወው በሐኪም ክትትል ነው። እናቱ ዛሬም ትመጣለች። ባለፈው ለልጅ ልጇ ሳል ቅጠል በፌስታል ይዛ መጣች። ወረፋው በር ደርሷል። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳትና «ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» አልኳት።