ስለ በር መጥሪያ ጠይቁኝ

ጎንደር ውስጥ የቤት ኤሌክትሪክ ስሠራ ነው የምውለው። ክረምት በገባ ቁጥር «መጥሪያው አልሠራ አለ» የሚለው ጥያቄ ይበዛብኛል። እስቲ የምትጠይቁኝን እዚሁ ልመልስ።

ከማራኪ፦ ገመድ አልባ መጥሪያ ገዛሁ። ካርቶኑ 300 ሜትር ይላል። ከግቢ በር እስከ ሳሎን 20 ሜትር አይሞላም፣ ግን አይሰማም። ተሸወድኩ እንዴ?

አልተሸወድሽም እህቴ። 300 የተባለው ገላጣ ሜዳ ላይ ነው። መጫኛዋ ውስጥ ትንሽ የሬዲዮ ማሰራጫ አለች። ስትጫኛት የራሷን መለያ ኮድ ትልካለች፤ ብዙዎቹ 433 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው የሚሠሩት። ሳሎን ያለው መቀበያ ኮዱን ካወቀው ይጮኻል፣ ካላወቀው ዝም ይላል። ሞገዱ እንጨትና ብሎኬት ሲያልፍ ይደክማል እንጂ ያልፋል። ብረት ግን ይመልሰዋል። አሁን ልገምት፦ ላሜራው በር ላይ ነው የለጠፍሻት አይደል? ከዚያ አንሺና ከጎን ባለው የድንጋይ ዓምድ ላይ አድርጊያት። ግን ሳትበሺው መጀመሪያ በእጅሽ ይዘሽ ሞክሪ። መቀበያውንም ከፍሪጅ ኋላ አትደብቂው።

ያችው ጠያቂ፦ ዓምዱ ላይ አደረግኩት። ሠራ!

ተመስገን።

ከፒያሳ፦ ልጄ፣ የኛ የሽቦ ነው፣ የቆየ። «ዲንግ» ይላል፣ «ዶንግ» ግን ቀረ። አርጅቶ ይሆን?

አባባ፣ እሱ ቶሎ አያረጅም። የሽቦ መጥሪያ ደስ የሚለኝም ለዚህ ነው። ትራንስፎርመሩ 220 ቮልቱን ወደ 8፣ 12 ወይም 24 ያወርደዋል። ደወሉ ውስጥ ጥቅልል ሽቦ አለ፤ መሀሉ ላይ ስፕሪንግ የያዘው የብረት ዘንግ ይቀመጣል። እንግዳው ሲጫን ኮረንቲ ያልፍና ጥቅልሉ ማግኔት ይሆናል። ዘንጉን ስቦ ከአንዱ ሳህን ጋር ያጋጨዋል፣ «ዲንግ»። ጣቱን ሲያነሳ ማግኔቱ ይጠፋል፣ ስፕሪንጉ ዘንጉን መልሶ ከሌላው ሳህን ጋር ያጋጨዋል፣ «ዶንግ»። ስለዚህ የርስዎ ችግር ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ዘንጉ አቧራ ይዞት ሳይመለስ ቀርቷል፣ ወይ መጫኛው ተጭኖ በዚያው ቀርቷል። ደወሉ ጋ ጆሮዎን ያድርጉ። «እምምም» የሚል ድምፅ ካለ መጫኛው ነው፤ እንዲህ ከከረመ ጥቅልሉ ይቃጠላልና ቶሎ ያስለቅቁት። ድምፅ ከሌለ ብሬከሩን አጥፍተው ዘንጉን በደረቅ ጨርቅ ያስጠርጉት። ዘይት እንዳያስነኩት፤ አቧራ ይሰበስባል።

ከአዘዞ፦ ዝናብ ሲዘንብ መጥሪያውን የነካ ሰው ይነዝረዋል። ቀላል ነው ወይስ ያሰጋል?

ያሰጋል! ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ብሬከሩን አጥፊ። ትራንስፎርመር የሌለው፣ 220 ቮልቱ በቀጥታ እስከ መጫኛው የሚሄድ መጥሪያ አለ። መጫኛው ውኃ ካስገባ የእንግዳው ጣት ላይ ይደርሳል። ሽቦው ተልጦ ላሜራውን ከነካ ደግሞ በሩ በሙሉ ኮረንቲ ይይዛል። እኔ አንድ ቤት እንዲህ ሆኖ አግኝቼ የግቢውን በር በእግሬ ነው የገፋሁት፤ ያውም በጎማ ጫማ። ባለሙያ ጠርተሽ በትራንስፎርመር ይቀይርልሽ፣ ካልሆነ ገመድ አልባ ግዢ።

ከቀበሌ 18፦ መብራት ሲጠፋ የትኛው ይሠራል?

መጫኛውም መቀበያውም በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው። ሶኬት ላይ የሚሰካው መቀበያ ከመብራቱ ጋር ይጠፋል፤ የሽቦውም እንደዚያው። ባትሪ የማይፈልግ መጫኛም አለ፤ ስትጫነው ከጣትህ ግፊት ለራሱ የሚበቃ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ጠንከር አድርገህ መጫን አለብህ እንጂ ለዝናባችን ጥሩ ነው።

ከአራዳ፦ የኛ መብራት በመጣ ቁጥር ማንም ሳይነካው ይጮኻል። እናቴ ጠበል ረጨችበት።

ጠበሉ ሶኬቱ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ! ብዙ ተሰኪ መቀበያዎች ኃይል ሲያገኙ አንዴ ጮኸው ነው የሚነሡት። መብራት ሳይጠፋም የሚጮኽ ከሆነ ግን የጎረቤት መጫኛ ያንኑ ኮድ ይዞ ይሆናል። አጠቃቀሙ ላይ እንደተጻፈው ኮዱን ደምስሰህ መጫኛህን እንደገና አስተዋውቀው።

ሰርቪስ ቤትም ይሰማ ዘንድ ሁለተኛ መቀበያ ይጨመራል?

ይጨመራል። አንድ ዓይነት ግዙና ሁለቱንም ከአንዱ መጫኛ ጋር አስተዋውቁ። ለጥምቀት እንግዳ ለሚበዛበት ቤት ጥሩ ነው።

የመጨረሻ፣ ከማራኪ፦ መጥሪያ እያለ ጎረቤት ማታ ማታ በድንጋይ ነው በሩን የሚቀጠቅጠው። ምን ይሻላል?

መጫኛው በጨለማ አይታየው ይሆናል። የሽቦ ከሆነ ትንሽ መብራት ያላት መጫኛ አስገባ። ለመብራቷ የሚሆነው ኮረንቲ በደወሉ ጥቅልል በኩል ያልፋል፤ ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ ዘንጉን አያነቃንቀውም። ሲጫኗት ነው ሙሉው ኮረንቲ የሚሄደው። ድንጋዩንም ከበሩ አጠገብ አንሳው።