ነዳጅ ከጥፋት ውኃ የተረፈ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ልጄ ትምህርት ቤት «ነዳጅ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት ከሞቱ ፍጥረታት የተገኘ ነው» ተብሎ ተምሮ መጣ። አንድ ወንድም ደግሞ በጉባኤ «ነዳጅ በኖኅ ዘመን የሰጠሙት ሰዎችና እንስሳት ቅሪት ነው» ሲሉ ሰምቷል። ማንን ልመን ይለኛል። የትምህርት ቤቱን ቢቀበል ኃጢአት ይሆንበታል?

መልስ፦ አይሆንበትም። መጀመሪያ ይህን ልንገርዎትና ልብዎ ይረፍ።

የወንድማችንን ቅንነት አልጠራጠርም። ግን ዘፍጥረት ከምዕራፍ 6 እስከ 9 ያለውን እንደገና ያንብቡት። ነዳጅ ከዚያ መጣ የሚል ቃል የለበትም። መጽሐፍ ያላለውን «ይላል» ማለት ያስፈራኛል፣ በተለይ በልጆች ፊት። ነገ ልጁ አድጎ ነገሩን ሲመረምር፣ ስሕተቱን የሚቆጥረው በእኛ ላይ ሳይሆን በመጽሐፉ ላይ ይሆናል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የድንጋይ ከሰል በሚወጣበት ቦታ አለቱ ሲሰነጠቅ የቅጠል ቅርጽ ታትሞበት ይገኛል። የቅጠሉ ጅማት ሳይቀር ይለያል። ከሰሉ ዕፅዋት ነበር ማለት ነው። ዛፍና ቅጠል ረግረግ ውስጥ ይወድቃል። ውኃው አየር ስለሚከለክለው ቶሎ አይበሰብስም። በላዩ ሌላ ይወድቅበታል። እንዲህ እያለ በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ይከመራል። ኋላ ደለል ይጫነዋል፣ የምድር ሙቀት ያገኘዋል፣ ውኃው እየወጣ ይጠቁራል፣ ይጠነክራል። ከታላላቆቹ የከሰል ክምችቶች ብዙዎቹ የዛሬ 359 ሚሊዮን እስከ 299 ሚሊዮን ዓመት በነበረው ዘመን የተከማቹ ናቸው።

ድፍድፍ ነዳጅ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ሰው አይደለም። ብዙዎች እንደሚሉት ዳይኖሰርም አይደለም። በባሕር ላይ የሚንሳፈፉ፣ አብዛኞቹ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው፤ አልጌና ፕላንክተን ይባላሉ። ሲሞቱ ወደ ታች ይሰምጣሉ። ኦክስጅን በሌለበት ጭቃ ውስጥ ይቀበራሉ። ጭቃው ወደ አለትነት ሲለወጥ እነሱም ኬሮጅን ወደሚባል ነገር ይለወጣሉ። አለቱ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ኪሎ ሜትር ወርዶ ሙቀቱ ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ፣ ኬሮጅኑ በዝግታ ዘይት ይሆናል። ከዚያ በላይ ሲግል ወደ ጋዝ ያደላል።

ዘይቱ ከውኃ ስለሚቀል በአለቱ ቀዳዳ እየሾለከ ወደ ላይ ይወጣል። የማያሳልፍ አለት ወይም የጨው ንጣፍ ካገኘው እዚያው ሥር ይታቆራል። ከምድር በታች እንደ ሐይቅ ተንጣሎ የሚተኛ ይመስለን ይሆናል። አይደለም። ስፖንጅ ውኃ እንደሚይዝ ሁሉ አለቱ ነው በውስጡ የያዘው።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። በ1930ዎቹ ጀርመናዊው ኬሚስት አልፍሬድ ትራይብስ ድፍድፍ ነዳጅ ሲመረምር የክሎሮፊል ርዝራዥ አገኘበት። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ያው ክሎሮፊል! መኪና ውስጥ የሚነደው እሳት እነዚያ ፍጥረታት በዘመናቸው የተቀበሉት የፀሐይ ብርሃን ነው። እኔ ይህን ሳስብ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ እንጂ እምነቴ አይነቃነቅም።

የሚያስጨንቅዎት የዓመቱ ቁጥር እንደሆነ ይገባኛል። አባቶቻችን ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዘመን ሲሉ፣ እኔ እንደምረዳው የቆጠሩት የሰውን የመዳን ታሪክ ነው፤ የአለትን ዕድሜ አይደለም። ፀሐይ የተፈጠረችው በ4ኛው ቀን መሆኑንም ያስቡ። ከዚያ በፊት የነበሩት ቀናት በፀሐይ መውጣትና መግባት አልተለኩም። ቀናቱን እንደኛ ቀን የሚያስተምሩ መምህራን አሉ፣ አከብራቸዋለሁ። ይህ ልዩነት ግን ልጅዎን ከቤተ ክርስቲያን የሚያስወጣው አይደለም። ፈተና ላይ የተማረውን ይጻፍ፤ እምነቱን እንደካደ አይቁጠረው።

ወንድማችን ነዳጅን ከኖኅ ጋር ያገናኙት በመርከቢቱ ቅጥራን ምክንያት ከሆነ፣ ቅጥራን ከእንጨትም ስለሚወጣ ከዚያ ብዙ መረዳት አይቻልም። የምድር ዝፍት ግን ድፍድፍ ነዳጅ ወደ ላይ ወጥቶ ቀላል ቀላሉ ሲተንበት የሚቀረው ጥቁር ነገር ነው። ይህ በመጽሐፍ በግልጽ አለ። ባቢሎንን የሠሩት ጡባቸውን ያያያዙት በእርሱ ነው። የሲዲም ሸለቆም የዝፍት ጉድጓዶች ነበሩበት።

ዛሬ ማታ ከልጅዎ ጋር ኦሪት ዘፀአት 2፥3ን ክፈቱ። አንዲት እናት የደንገል ሣጥን ይዛ ዝፍትና ቅጥራን ስትለቀልቅ ታገኟታላችሁ። ዝፍቱ ከየት እንደመጣ ይጠይቁት፣ አሁን ያውቀዋል። ሙሴ በወንዙ ዳር ሲተኛ ውኃው እንዳይገባበት የከለከለው ያ ነው።