ሳማ ሲቀቀል መለብለቡን ይተዋል?

አዎ፣ ይተዋል። ጓሮሽ የበቀለውን ሳማ ብትበዪ አፍና ጉሮሮሽን እንዳይለበልብሽ ነው የፈራሽው፤ የሚለበልበው ጠጉሩ ነው፣ እሱም በፈላ ውሃ 10 ደቂቃ ሲቀቀል ይሟሽሻል።

መጀመሪያ ግን ሳማ መሆኑን እዪ። ቅጠሉ ከግንዱ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፣ ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው፣ ግንዱን ወደ ብርሃን ብታዞሪው ነጫጭ ጠጉር ይታይሻል። ሐረግ ሆኖ የሚጠመጠም የሚለበልብ ተክልም ስላለ መለብለቡ ብቻ አያሳምንሽ፤ ተጠምጣሚውን ተይው።

አበባ ሳያወጣ ለጋ ጫፉን ብቻ በመቀስ ቁረጪ። እጅሽ ላይ ጓንት ይሁን (ፌስታል ይበሳል፣ ሞክሬዋለሁ)። ከተቀቀለ በኋላ ውሃውን አጥልለሽ በማማሰያ አድቅቂው፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና ትንሽ የገብስ ዱቄት ጨምረሽ እስኪወፍር አማስዪ። ለጾም በእንጀራ ግሩም ነው።

አንድ ነገር፦ ሳማ ፍግና ቆሻሻ ያለበትን መሬት ይወዳል፤ ከሁሉ የሚያምረው ከሽንት ቤት ጀርባ ያለው ነው። እኔም በማማሩ ተታልዬ ከቦይ ዳር ለቅሜ ስቀቅለው ሽታው ቤቱን ሞላው፤ ከነድስቱ አውጥቼ ደፋሁት።