ማኬናይዴ፦ በሰው አገር አንድ ዘፈን በቃል ስለመያዝ

ወደ ጃፓን ለመምጣት የምትዘጋጁም ሆናችሁ በቅርቡ የገባችሁ ወገኖቼ ብዙውን ጊዜ የምትጠይቁኝ ስለ ቪዛ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ሥራ ነው። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምመክራችሁ በአገሩ ቋንቋ አንድ ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃላችሁ እንድትይዙ ነው።

የመጀመሪያውን የብርድ ወራት ያሳለፍኩት ቀን ቋንቋ እየተማርኩ፣ በሳምንት ጥቂት ሌሊቶች ደግሞ የምሳ ሣጥን በሚታሸግበት ፋብሪካ እየሠራሁ ነበር። ከሥራ ስመለስ የማዳምጠው ትዝታን ብቻ ስለነበር ሆዴ ይባባል፣ እንቅልፍ ይርቀኛል፣ በማግስቱም ከትምህርቱ አንዲት ቃል አልይዝም። አንድ ሌሊት በፋብሪካው ሬዲዮ የጊታርና የከበሮ ድምፅ የፈጠነበት፣ የሴት ድምፅ ጥርት ብሎ የሚሰማበት ሮክ ተለቀቀ፤ ሩዝ ሲሞሉ የነበሩት ሴቶችም ከጭንብላቸው ሥር ማንጎራጎር ጀመሩ። አጠገቤ የነበሩትን አዛውንት ብጠይቃቸው «ማኬናይዴ፣ የዛርድ ነው» አሉኝ። ዛርድ የሙዚቃ ባንድ ነው፤ ስሙ ከእኛ ዛር ጋር መመሳሰሉ ሳቄን አመጣው፤ ለምን እንደሳቅሁ ለማስረዳት ግን ቋንቋው አልነበረኝም።

«ማኬናይዴ» ወደ እኛ ሲመለስ ልመና ያለበት «አትሸነፍ» ነው፤ ወይም «አትሸነፊ»፤ ጃፓንኛ እዚህ ላይ ጾታ ስለማይለይ ለማን እንደተባለ የሚወስነው ሰሚው ነው። እኔም ያን ሌሊት ለእኔ ነው ብዬ ወሰንኩ።

ዘፈኑ የወጣው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1993 ሲሆን፣ ግጥሙን የጻፈችው ራሷ የዛርድ ዘፋኝ ሳካይ ኢዙሚ፣ ዜማውን የደረሰው ኦዳ ቴትሱሮ ነው። የመሬትና የአክሲዮን ዋጋ ወድቆ ድርጅቶች ቅጥር መቀነስ በጀመሩበት ዘመን ስለደረሰ ሕዝቡ የራሱ አደረገው፤ ከ1.6 ሚሊዮን ቅጂ በላይም ተሸጠ። በየዓመቱ በሙቀቱ ወራት ለ24 ሰዓት በሚተላለፈው የቴሌቪዥን በጎ አድራጎት ዝግጅት ላይ፣ ረጅም ርቀት የሚሮጠው ሰው ሲደክም የሚዘፈንለት ይህ ነው። አዛውንቷ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰሙ ሥራቸውን አቁመው «አበበ!» አሉ፤ በ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ማራቶኑን ሲያሸንፍ፣ በልጅነታቸው ኮሹ ካይዶ ጎዳና ዳር ቆመው አይተውት ኖሯል። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ስንኞቹን አንድ በአንድ ያስጠኑኝ እሳቸው ናቸው።

አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ሥራ ብዙም አይቸገርም። የጃፓንኛ ዓረፍተ ነገር እንደ እኛው በግስ ይዘጋል፤ ሂራጋና የሚባለው ፊደላቸው እንደ ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ሆሄ ይይዛል፣ መሠረታዊዎቹም 46 ብቻ ናቸው። እኛ «ገና» የሚለውን አጥብቀንና አላልተን እንደምንለየው እነሱም «ኪቴ» ሲላላ «ና»፣ ሲጠብቅ «ቴምብር» ይሉታል፤ አውሮፓውያን የክፍል ጓደኞቼ ሲንገዳገዱበት እኔ በዚህ አልተቸገርኩም። ሆሄያቱን እንደያዛችሁ በቀን፣ ዋጋው በሚረክስበት ሰዓት፣ ወደ ካራኦኬ ቤት ሂዱ። ብቻውን የሚገባ ሰው ብዙ ስለሆነ ማንም አያያችሁም፤ በስክሪኑ ላይ ከቻይና በመጡት ከባድ ፊደላት አናት ላይ ንባባቸው በሂራጋና ይጻፋል፣ ዜማው ደግሞ በፍጥነቱ ይጎትታችኋል። እኔ በመጀመሪያው ቀን ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቀረሁ፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን ጨረስኩት።

ትዝታን ተዉ አላልኩም፤ ዛሬም እሑድ ቡና ሲፈላ ቤቴ ውስጥ የሚሰማው እሱ ነው። ሰኞ ጠዋት በብርድ ባቡር ለመያዝ ግን ሌላ ጉልበት ያስፈልጋል።

ሳካይ ኢዙሚ እ.ኤ.አ. በ2007፣ በ40 ዓመቷ አረፈች። ባደገችበት በሃዳኖ ከተማ፣ ሺቡሳዋ በሚባለው የኦዳኪዩ ባቡር መስመር ጣቢያ፣ ባቡር ሲቃረብ ዜማዋ ይሰማል። አንድ ቀን ወደ ሌላ ቦታ ስሄድ በመስኮት ሰማሁትና ሳላስበው ወረድኩ፤ ተከታዩ ባቡር ሲመጣም ቆሜ አሳለፍኩት።