ድረ ገጹ ራሱ አዘጋጅቶ የሚያስወርደው ፋይል፦ የጅማ ፕሮግራመሮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ የመጡት የቡና ርክክብ መረጃን በድረ ገጽ ከሚያስወርዱ የጅማና የአጋሮ ልጆች ነው።

ጥያቄ፦ ተጠቃሚው ወረዳና ቀን መርጦ «አውርድ» ሲል ሲኤስቪው (በኮማ የተለያየ የሰንጠረዥ ፋይል) አይወርድም፤ ብሮውዘሩ ላይ ተዘርግፎ ይታያል። ምን ጎደለኝ?

መልስ፦ ኮንተንት-ዲስፖዚሽን የሚባለው ሄደር፣ ማለትም ሰርቨሩ ከዳታው በፊት ለብሮውዘሩ የሚልከው የመግለጫ መስመር። ዋጋውን አታችመንት (የሚወርድ ፋይል ነው ማለት) በለውና የፋይሉን ስም አስከትል፤ ኮንተንት-ታይፑን (የፋይሉን ዓይነት የሚናገረውን ሄደር) ቴክስት/ሲኤስቪ አድርገው። ሁለቱም ከዳታው በፊት መውጣት አለባቸው። ፒኤችፒ ላይ ከመክፈቻው ታግ በፊት የቀረች አንዲት ባዶ መስመር ይህን ልታበላሽ ትችላለች፤ ሄደሩ ሳይላክ ይዘቱ ይቀድማል።

ጥያቄ፦ ፋይሉን በፌች (በጃቫስክሪፕት የመጥሪያ ትእዛዝ) ነው የምጠራው። ሰርቨሩ 200 (ተሳክቷል) ይመልሳል፣ የሚወርድ ነገር ግን የለም።

መልስ፦ ፌች ዳታውን ለጃቫስክሪፕት ያስረክባል እንጂ ማውረድ አይጀምርም፣ እህቴ። ተራ ሊንክ ወይም ፎርም ይበቃሻል፤ መልሱ አታችመንት ስለሆነ ገጹ ካለበት አይነቃነቅም።

ጥያቄ፦ ኤክሴል ላይ የወረዳው ስም የማይነበብ ምልክት ይሆናል፣ የገበሬው ስልክ ቁጥር የፊቷን ዜሮ ያጣል፣ ቀኑም ይዘበራረቃል።

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ፊደሉ የሚበላሸው ኤክሴል ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 (ፊደላት በባይት የሚጻፉበት ስልት) መሆኑን ስለማያውቅ ነው። ከመጀመሪያው ረድፍ በፊት ይህን የሚጠቁሙትን ቦም የሚባሉ ሦስት ባይቶች ጻፍ፤ የወረዳዎቹ ስም «ጎማ» እና «ሰቃ ጨቆርሳ» በትክክል ይነበባሉ። ዜሮዋ የምትጠፋው ስልኩ እንደ ቁጥር ስለሚቆጠር ነው፤ ቁጥሩን በጥቅስ ውስጥ ማስገባት ኤክሴልን አያግደውም። ኤክስኤልኤስኤክስ (የኤክሴልን የራሱን ፋይል) አዘጋጅተህ ሴሉን የጽሑፍ ዓይነት አድርገው።

ከሁሉም የከፋው ቀኑ ነው፣ ምክንያቱም ስህተቱ አይታይም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 15 ቀን 2017ን 2017-02-15 ብለህ ከላክህ ኤክሴል ፌብሩዋሪ 15 አድርጎ ይቀበለዋል። 2017-02-30 ወይም የጳጉሜን 2017-13-03 ሲመጣ ግን እንዲህ ያለ ቀን ስለማያውቅ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። በአንድ ዓምድ ሁለት ዓይነት እሴት ተቀላቅሎ ቅደም ተከተሉ ይፈርሳል። ሁለት ዓምድ ስጥ፦ አንዱ ለስሌት የፈረንጅ ቀን፣ ሌላው ለንባብ «30 ጥቅምት 2017»። ክብደቱም ኪሎ ይሁን ፈረሱላ በዓምዱ ርዕስ ላይ ይጻፍ፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነውና የተደበላለቀ ዓምድ ሒሳቡን ከሥሩ ይገለብጠዋል።

ጥያቄ፦ የዓመቱን ርክክብ በሙሉ ሲጠይቁ አንዳንዴ 504 (የመጠበቂያው ጊዜ አለፈ) ይላል፣ አንዳንዴ ፋይሉ ከመሃል ይቆረጣል።

መልስ፦ ውጤቱን ሁሉ ሜሞሪ ላይ ሰብስበህ ከሆነ የምትልከው፣ ረድፍ በረድፍ እያነበብህ ወዲያው ጻፍ። ፒዲኦ (የፒኤችፒ የዳታቤዝ ማገናኛ) ማይኤስኪውኤል ላይ በፈር የተደረገውን፣ ማለትም ውጤቱን ሁሉ አስቀድሞ የሚያከማቸውን ኩዌሪ (የዳታቤዝ ጥያቄ) አጥፋ፤ ካልሆነ ሉፑ ረድፍ በረድፍ ቢሄድም ውጤቱ ሁሉ አስቀድሞ ይጫናል። ከፊት የሚቆመው የድረ ገጽ ሰርቨር ኤንጂንኤክስ በነባሪው 60 ሰከንድ ከኋላ ካለው ሰርቨር አንዳች ካልደረሰው ይቆርጣል፤ 504ቱ ከዚህ ነው።

መስመሩ በየመሃሉ ለሚቋረጥበት ተጠቃሚ ግን ይህም አይበቃም። እየተጻፈ የሚላክ ፋይል ከቆመበት አይቀጥልም፣ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ትልቁን ሥራ ለጀርባ ዎርከር (ከገጹ ተለይቶ ለሚሠራ ፕሮግራም) ስጠው፣ ዲስክ ላይ ይጨርሰው፣ ከዚያ ሊንኩን አሳይ። የተጠናቀቀውን ፋይል ኤንጂንኤክስ በቀጥታ ሲያቀርበው የሬንጅ ጥያቄን (የፋይሉን ከፊል ብቻ መጠየቅን) ስለሚቀበል ማውረዱ ካቆመበት ይቀጥላል። የረድፎቹን ብዛት ከሊንኩ አጠገብ አስፍር፤ ተቀባዩ ሙሉው እንደደረሰው ያረጋግጣል።

ጥያቄ፦ አንዱ ማኅበር የሌላውን አባላት ዝርዝር እንዳያወርድስ?

መልስ፦ አዝራሩን መደበቅ ጥበቃ አይደለም። የማኅበሩን መለያ ከሊንኩ አትቀበል፣ ከገባው ሰው ሴሽን (ሰርቨሩ ስለገባው ሰው ከያዘው መዝገብ) ውሰድና ኩዌሪው ላይ አስረው። የተዘጋጀውን ፋይል ከሕዝብ ፎልደር ውጭ አስቀምጥ፤ ፈቃዱን ኮድህ ካረጋገጠ በኋላ ኤክስ-አክሰል-ሪዳይሬክት በሚባለው ሄደር ለኤንጂንኤክስ ታስረክበዋለህ። ካሽ-ኮንትሮል የሚባለውን ሄደር ኖ-ስቶር (ቅጂ አታስቀምጥ) አድርግ። ተጠቃሚ የሞላው ጽሑፍ በእኩል ይሆናል፣ በመደመር፣ በመቀነስ ወይም በአት ምልክት ከጀመረ ኤክሴል እንደ ፎርሙላ ሊያስኬደው ስለሚችል ከፊቱ ነጠላ ጥቅስ ጨምርበት።