የማንጎ ቅጠሉን ከማቃጠልሽ በፊት

ባህር ዳር ጣና ዳር አካባቢ የምትኖር እህታችን "ጊቢዬ ውስጥ የማንጎና የዘንባባ ቅጠል ተከምሮብኛል፣ አጥሩ ጥግ ላቃጥለው ስል ጎረቤት ተቆጣኝ፣ ማቃጠል ይቻላል ወይ?" ብላ ጠይቃለች።

እህቴ እኔ አትክልተኛ ነኝ፣ ቅጠሉን አታቃጥይው ነው የምልሽ። ህጉን ካነሳሽ ከ1999ኙ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ጀምሮ ቆሻሻን መለየት የባለቤቱ ግዴታ ነው፣ አሰራሩን የሚወስነው ደግሞ ከተማ አስተዳደሩ ስለሆነ ክብሪት ከመጫርሽ በፊት ቀበሌ ሄደሽ ጠይቂ።

ጎረቤትሽም ያለ ነገር አልተቆጣም። ቀን ላይ ንፋሱ ከሀይቁ ወደ ከተማው ነው የሚገባው ጭሱም አብሮ ሰው ቤት ይገባል፣ በማለዳ ላርገው ብትይ ደሞ ቀዝቃዛው አየር ጭሱን መሬት ለመሬት ያስተኛዋል። እርጥብ ቅጠል ከሆነማ የእሳቱ ሙቀት ውሃውን በማድረቅ ስለሚያልቅ አይነድም ይጨሳል እንጂ። ፌስታል ከገባበት መርዝ ነው፣ ልጆች ባሉበት በፍፁም!

አንዴ ሰው ጊቢ አቃጥዬ ላይ ላዩን ውሃ ደፍቼ ጠፋ ብዬ ሄድኩ፣ በማግስቱ ስመጣ እሳቱ በደረቀ የባህር ዛፍ ስር ውስጥ ለውስጥ ሄዶ የአጥሩን እንጨት በልቶታል፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ኮምፖስት አርጊው። የማንጎ ቅጠል ወፍራም ስለሆነ እንዳለ ከከመርሽው ይቆያል፣ በገጀራ ከትክቺው። ሁለት ሶስት እጅ ደረቅ ቅጠል፣ አንድ እጅ እርጥብ ሳር ወይ የኩሽና ልጣጭ፣ መሀል መሀሉን እበት፣ ቁመቱም ወርዱም 1 ሜትር ያህል ይሁን። ጨብጠሽ ስትጨምቂው እጅሽን ካረጠበ ግን ካልተንጠባጠበ ልክ ነው፣ በየ2 ሳምንቱ አገላብጪው። እምቦጭ ልጨምር ካልሽ አበባ ያላወጣውን ብቻ፣ ዘሩ አፈር ውስጥ አመታት ቆይቶ ይበቅላል።

ዘንባባው ቶሎ አይበሰብስም፣ አድርቀሽ ለማገዶ ለሚፈልግ ስጪው። የታመመ ቅርንጫፍ ኖሮ ቀበሌ ከፈቀደልሽ ከአጥርና ከመብራት ሽቦ አርቀሽ፣ ባልዲ ውሃ አጠገብሽ አርገሽ፣ ትንሽ ትንሽ እያረግሽ አቃጥይው። ስትጨርሺ ውሃ ደፍተሽ አማስዪው፣ የእጅሽን ጀርባ አስጠግተሽ ምንም ሙቀት እስካልተሰማሽ ድረስ ከቦታው አትሂጂ። አመዱን ወደ ጣና አትድፊው፣ ለእምቦጩ ምግብ ነው የሚሆነው።